ከወንድሜ ህክምና የተረፈው ብር

ወንድሜ ህዳር 2014 ሲያርፍ ለህክምናው ከተዋጣው ገንዘብ 412 ሺህ ብር ባንክ ውስጥ ነበር። ህንድ ሄዶ ኩላሊት ሊቀየርለት ነበር። ፓስፖርቱ ወጥቷል። ኩላሊት የምትሰጠው ታላቅ እህታችን ተመርምራ ጨርሳለች። የቀረው ብሩን መሙላት ነበር። አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን የምጽፈው ሰው ሞቶባችሁ "በስሙ አንድ ነገር ላቁም" ብላችሁ ለምታስቡ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሶስት ሰዎች ደውለው እንዴት እንዳደረግነው ጠይቀውኛል። ለሶስቱም መጀመሪያ የነገርኳቸው ያበላሸነውን ነው።

አርባው የወጣው ካዛንቺስ፣ እናቴ ግቢ ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ካህናቱ ለምርቃት ሲነሱ አጎታችን ድንገት ቆመና "በልጃችን ስም ፋውንዴሽን እናቋቁማለን፤ እንደሱ በኩላሊት የሚሰቃዩትን እንረዳለን" አለ። ከማንም ጋር አልተማከረም። ድንኳኑ ሙሉ "አሜን!" አለ። እኔም አልኩ። እውነቱን ልናገርና በዚያች ደቂቃ ደረቴ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ታዲያ ድንኳን ሙሉ ሰው አሜን ካለ በኋላ ወደኋላ የለም። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ "ድርጅቱ ከምን ደረሰ?" ይለናል። እኛም አፍረን ተጣደፍን። እባካችሁ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ምንም አታውጁ። ሀሳቡ ከመጣላችሁ ደብተር ላይ ጻፉትና አስቀምጡት። ከዓመት በኋላ ስታነቡት አሁንም ልክ ከመሰላችሁ ያኔ ትነሳላችሁ። ሀዘን ለመጀመር ጉልበት ይሰጣል፣ ሂሳብ ላይ ግን አትመኑት። ይሄን የምለው በሙያዬ የሂሳብ ሰራተኛ ሆኜ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የብሩ ነበር። የማን ነው? አጎቴ የፋውንዴሽኑ ነው አለ። የእህቴ ባል የልጆቹ ነው አለ። እናቴ "ከፊቴ አርቁልኝ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉት" አለች። የወንድሜ ባለቤት ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርነው። የሁለቱን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ተበድራ እየከፈለች እንደነበር የሰማሁት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። እኛ በባሏ ስም ቲሸርት ስናሳትም ማለት ነው። አሁንም ሳስበው አንገቴን ያስደፋኛል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሟቹን ቤት እዩ። ምን እዳ ቀረ? ልጆቹ ምን ጎደለባቸው? እሱን ደግሞ ህዝብ ለህክምና ካዋጣው ሳይሆን ከቤተሰቡ ኪስ ሸፍኑት። ሁለቱን ብር አትቀላቅሉ። የተዋጣውን በተመለከተ ሰጪዎቹን የተገኙትን ያህል አግኝቶ "ለህክምናው የሰጣችሁት ተርፏል፣ ለዚህ ጉዳይ ልናውለው ነው፣ የማይፈልግ ካለ እንመልስለታለን" ማለት ይገባ ነበር። እኛ ይሄን ያደረግነው ዘግይተን ነው። ወደ 60 ሰው ደወልን። ይመለስልኝ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሚስቱ ታማበት ነበር። ይቅርታ እየጠየቀ ነው የተቀበለን።

ስናሰባስብም ያላወቅነው ነገር ነበር። አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተሰብስበው ከህዝብ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ህጉ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ይላቸዋል። ይህ ኮሚቴ ደግሞ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን መፈቀድ አለበት። የኛ ኮሚቴ የወንድሜ የልጅነት ጓደኞች፣ አንድ ደብተርና የባለቤቱ የቴሌብር ቁጥር ነበር። ክፉ ሰው ስላልነበረን ተረፍን እንጂ አንድ ጠያቂ ቢመጣ መልስ አልነበረንም።

የቴሌብሩ ነገር ሌላ መዘዝ ነበረው። ፎቶውና ቁጥሩ ያለበት ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ከርሟል። እሱ ካረፈ በኋላም መዞሩን አላቆመም። ስምንተኛው ወር ላይ ይመስለኛል፣ የወንድሜ ባለቤት ስልኳን ሳትናገር እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። 200 ብር ገብቷል። ላኪው ቆየት ብሎ መልዕክት ጽፏል፦ "ለህክምናህ ትንሽ ነች ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ።" ነፍስ ይማር ከተባለ ስምንት ወር ያለፈውን ሰው ገና ይማርህ የሚል ሰው አለ። ሁለታችንም ብዙ አላወራንም። በማግስቱ ተቀምጠን "አርፏል፣ ማሰባሰቡ ቆሟል" የሚል አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተን ያሰራጩትን ሁሉ እንዲያሰራጩ ለመንን። እናንተ ግን ያንን ጽሑፍ በሰልስቱ ማግስት አውጡት። ይከብዳል፣ ግን ሌላ ሰው ያውጣላችሁ።

ወደ ምዝገባው ልምጣ። ህጉ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ከስራችን በፊት እሱን ብናነብ ብዙ ድካም ይቀንስልን ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሰራ ድርጅት መዝጋቢው ያው ባለስልጣኑ ነው። አጎቴ "ፋውንዴሽን" ሲል በልቡ ያለው በህጉ ኢንዶውመንት የሚባለው ነበር። ኢንዶውመንት ማለት ግን አንድን ንብረት ለዘለቄታው፣ ላይመለስ ለበጎ አድራጎት መስጠት ነው። ህንጻ ያለው፣ ኪራዩ በየወሩ የሚገባ ሰው ያድርገው። እኛ የነበረን የሚያልቅ ብር ነው። የህግ ባለሙያ የሆነ የወንድሜ ጓደኛ ይሄን ሲያስረዳን አጎቴ ለሁለት ሳምንት አኮረፈ። በመጨረሻ ቦርድ መር ድርጅት፣ ማለትም የበላይ ሆኖ የሚወስነው ቦርድ የሆነ ድርጅት፣ እንዲሆን ተስማማን፤ ለዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ መስራቾች ይበቃሉ።

የሚጠየቀው ወረቀት ያን ያህል አያስፈራም። የመስራቾች ቃለ ጉባኤ፣ የመስራቾች መታወቂያ፣ ስምና ዓላማ፣ የተፈረመ መተዳደሪያ ደንብ፣ አድራሻ። እኛን ያመላለሰን የራሳችን ስንፍና ነው። ደንቡን ከሌላ ድርጅት ገልብጠን ስም ብቻ ቀይረን አስገባን። ገፅ 7 ላይ የዚያ ድርጅት ስም ሳይነካ ቀርቶ ኖሯል። የተቀበለችን ልጅ ገልጣ አየችውና "ይሄ የማን ነው?" አለች። ምን ትላላችሁ? ደንቡን ራሳችሁ፣ በሚገባችሁ አማርኛ ጻፉት። ነገ ስትጣሉ (ትጣላላችሁ!) የምትገልጡት እሱን ነው። ማን ይፈርማል፣ ብር ለማውጣት ስንት ፊርማ፣ ድርጅቱ ቢፈርስ የቀረው የት ይሄዳል፣ እነዚህን ሶስቱን ደግማችሁ ደጋግማችሁ አንብቡ።

ከዚያ ቢሮ ተከራየን። ካዛንቺስ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ በወር 12 ሺህ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ። 72 ሺህ ብር። በሙት ዓመቱ ደግሞ የምስረታ ዝግጅት አደረግን። አዳራሽ፣ ምሳ፣ ቲሸርት፣ የወንድሜ የሰርግ ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር። 58 ሺህ ብር። አንድ ሰው ሳንረዳ 130 ሺህ ወጣ ማለት ነው። በኋላ ኦዲተሩ ደረሰኞቹን እያገላበጠ በመነጽሩ በላይ አየኝና "ድግሱን ፕሮጀክት ብላችሁ ልታስገቡት ነው?" አለኝ። ህጉ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። 130 ሺህ ከ412 ሺህ ስንት እንደሚሆን ለማስላት ሂሳብ ሰራተኛ መሆን አያስፈልግም። ቢሮ አትከራዩ። የአንዱ ቦርድ አባል መስሪያ ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይበቃል።

አሁን የሚያመኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

በቀረን 282 ሺህ የሁለት ሰው የኩላሊት እጥበት መክፈል ጀመርን። አንዷ ወጣት ናት። አንዱ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። እኛ እንከፍል የነበረው ለአንድ እጥበት 2,000 ብር ነው። በሳምንት ሶስቴ ቢሆን ይመረጣል፣ እኛ ሁለት ሁለቴ ነው የቻልነው። ለሁለቱ ሰው በሳምንት 8,000 ብር። 282ን ለ8 አካፍሉት። ሰላሳ አምስት ሳምንት። ይሄን ስሌት መጀመሪያ ቀን አውቀዋለሁ። ግን "እስከዚያ እግዜር ያመጣል" ብለን ገባን። ለሁለቱም ሰዎች ደግሞ አልነገርናቸውም።

ሐምሌ 2015 ብሩ አለቀ። ወጣቷን ዘመዶቿ ተረባርበው ያዙላት። ለጋሼ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ከእጥበት ወጥተው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው ላይ ጥጡ በፕላስተር ተለጥፏል። ነገርኳቸው። አልተቆጡም። "ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ለስንት ወር እንደሆነ ብትነግሪኝ እኔም እዘጋጅ ነበር" አሉኝ። ይቺን አባባል እስከዛሬ እሰማታለሁ። እኛ የሰጠናቸው ተስፋ ሳይሆን ቀን ያልተጻፈበት ቀጠሮ ነበር።

ዝም ብዬ ሳለቅስ ደግሞ እሳቸው አጽናኑኝ። ውጭ ያለች ልጃቸው እጥበቱን ልትሸፍን እንደምትችል ነገሩኝ። "የከበደኝስ መመለሻው ነው" አሉ። አራት ሰዓት ያህል ታጥቦ የወጣ ሰው ይዝለፈለፋል፤ ሚኒባስ ተጋፍቶ መሳፈር አይችልም። እሳቸው ለኮንትራት ታክሲ ሲያጡ ቀጠሮ የሚዘሉበት ሳምንት ነበር። እጥበት እየተከፈለ በታክሲ እጦት ይዘለላል። ይሄን በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳን ጠይቀናቸው አናውቅም።

በዚያው ሐምሌ ባነሩ መጣ። እናቴ ከሰል ልትገዛ ወጣች። ዝናብ ነበር። ከሰል ሻጯ ማዳበሪያዎቹን በትልቅ ላስቲክ ሸፍናለች። እናቴ ጠጋ ስትል ላስቲኩ የልጇ ፊት ነው። በሰርጉ ልብስ፣ ውሃ ግንባሩ ላይ አቁሮ። ቢሮውን ስንለቅ ከዕቃው ጋር ማን እንደጣለው አናውቅም። ሻጯ ምን አጠፋች፣ ጥሩ ላስቲክ ነው ያገኘችው። እናቴ ከሰሉን ሳትገዛ ተመለሰች። ማታ ላይ "ልጄን ለሰው አታሳዩብኝ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ፎቶውን የትም አንለጥፍም። ስሙም የምዝገባ ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው ያለው። እዚህም ያልጻፍኩት ለዚያ ነው። ስለ ስም ብዙ አሰብኩ። ልዕልት ፀሐይን አስታውሱ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በስደት ዘመን ለንደን ነርስነት የተማሩ፣ በ1934 ነቀምቴ ያረፉ። በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሰራ። ዛሬ ስሙ ጦር ኃይሎች ነው፤ ሚኒባስ ረዳቱም የሚጠራው በዚሁ ነው። ግን በሽተኛ ይታከምበታል። በሌላ በኩል አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው በደም ካንሰር በሞተባቸው ልጃቸው በማቲዎስ ስም በ1996 የጀመሩት የካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ይዞ እስከዛሬ አለ። ስሙ ይቆይም አይቆይም እኛ እጅ ላይ አይደለም። ደረሰኙ ግን እኛ እጅ ላይ ነው።

ለማንኛውም፣ ነሐሴ ላይ ድርጅቱን ልንዘጋው ተሰበሰብን። የሰፈራችን እድር ሊቀመንበርም ተጠርተው ነበር። ሲያዳምጡን ቆዩና "እናንተ ልጆች፣ ወንድማችሁ ምን ገደለው?" አሉ። ኩላሊት አልናቸው። "ኩላሊቱንስ ምን ገደለው?"

ደም ግፊት ነው። ወንድሜ ለዓመታት ራሱን ሲያመው ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዛ ይውጥ ነበር። ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም። በ34 ዓመቱ ዓይኑ ብዥ ሲልበት ሄዶ ሲለካ 210 በ130 አሉት። ያኔ ኩላሊቱ አልቋል። ኩላሊት ከሚያደክሙ ነገሮች ዋነኞቹ ግፊትና ስኳር ናቸው፤ ማስታገሻም ሲዘወተር ይጎዳዋል። ግፊት ደግሞ ሳያምህ ነው የሚጎዳህ። ሁላችንም ይሄን የሰማነው እሱ ከታመመ በኋላ ነው።

እናም እድሩ በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሲሰበሰብ የግፊት መለኪያ ይዘን መሄድ ጀመርን። አንዲት ነርስ የእድሩ አባል በነፃ ትለካለች። እናቴ ስምና ቁጥር ደብተር ላይ ትጽፋለች። መጀመሪያ ቀን ሰው ሁሉ ቡናውን ጠጥቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ተጨቃጭቆ መጥቶ ተለካና የሁሉም ግፊት ሰማይ ነካ! ነርሷ ሳቀችብን። ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም የለም፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ክንድ በልብ ትክክል። ከ140 በ90 በላይ የሆነውን ደግመን እንለካለን፣ ካልወረደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። መድኃኒት አንሰጥም፣ አንመክርም።

ለመሳሪያውና ለባትሪው የሚወጣው ኢምንት ነው። አሁን ከሚዋጣው አብዛኛው የሚሄደው ለዘጠኝ የእጥበት ህመምተኞች የታክሲ ነው። ደንባችን አንድ ነው፦ የስድስት ወሩ ብር ሙሉውን ባንክ ሳይገባ አንድም ሰው አንቀበልም፤ ሰውየውም ከስንት እስከ ስንት ቀን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ይይዛል። ጋሼ የመጀመሪያውን ወረቀት ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ገደማ ኖሩ።

ሌላም ልንገራችሁ፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። እድርና እቁብ ከዚያ አዋጅ ውጭ ናቸው። ያሰባችሁት ነገር ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ሰፈር፣ ጥቂት ቤተሰብ፣ በዓመት አንዴ ደብተርና ዩኒፎርም ከሆነ፣ ድርጅት ማቋቋም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። እድራችሁን ጠይቁ። ሂሳብ ያዥ አለው፣ ኦዲት አለው፣ ማን እንደተቸገረ ከማንም በላይ ያውቃል። ድርጅት ካቋቋማችሁ የዓመት ሪፖርት አለ፣ የኦዲት ሪፖርት አለ፤ የሚያገለግላችሁ ሰው ባይኖርም ሪፖርቱ ይቀጥላል። እኛ ዞረን ዞረን እድራችን ጋ ነው የደረስነው።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ይሄም ያበቃለታል ብዬ ነበር። አባሉ ገላን ጉራ፣ አራብሳ፣ የትም ተበተነ። እናቴ እኔ ጋ ገባች። እድሩ ግን ድንኳኑንና ወንበሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ለምኖ አሁንም ኡራኤል አካባቢ ይሰበሰባል። ከገላን ጉራ ሁለት ሶስት ታክሲ ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ግማሾቹ የሚመጡት ለመለካት ነው ይላሉ፣ እኔ ለወሬው ይመስለኛል።

ያ የድሮ ጽሑፍ አሁንም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። የወንድሜ ባለቤት ብር በገባ ቁጥር ላኪው ጋ እየደወለች ትነግራለች፤ ይሄን ስራ ለማንም አልሰጥም ብላለች። ባለፈው ወር 100 ብር ገባ። እሷ ጉንፋን ይዟት ስለነበር እኔ ደወልኩ። ድምፁ የወጣት ነው። ሰውየው ካረፈ ቆይቷል፣ ብሩን እንመልስልህ አልኩት። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ።

"ነፍስ ይማር። ብሩ ይቅር" አለኝ። ልዘጋው ስል "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እናቴ ራሷን ያማታል፣ እናንተ የምትለኩት መቼ ነው?" አለ።

"የወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ" አልኩት። "ቡና ሳትጠጣ ትምጣ።"